እንጀራው ዓይን አወጣ

ልጄ፣ እንዴት ሰነበትሽ? መጋገሪያችንን ያስቸገረው ያ ዓይን አልባ እንጀራ ተስተካክሏል፣ አታስቢ።

ሠራተኞቹ ጤፉን ነበር የጠረጠሩት፤ ነጋዴው ቀላቅሎብን ነው ብለው። አልፈረድኩባቸውም፣ ዛሬ በጤፍ ማን ይታመናል? ግን ከዚያው ጆንያ ጎረቤታችን ወስዳ ስትጋግር አምሮባት ወጣ።

ነገሩ የኅዳር ብርድ ነው። አንቺ ባሕር ዳር ሙቀት ላይ ሆነሽ ረስተሽዋል እንጂ፣ የአዲስ አበባ ሌሊት ሲበርድ ቡኮው ይተኛል። በሦስተኛው ቀን እንኳ አረፋ የለው፣ ከላይ ውሃው አልጠለለም።

በርሜሎቹን ከሲሚንቶው ወለል አንስተን ጣውላ ላይ አስቀመጥናቸው። ወደ ምጣዶቹ ክፍል አስጠጋናቸው። የማቡኪያውን ውሃም ለብ አደረግነው። በማግስቱ ቡኮው ሽቅብ ይል ጀመር!

አብሲቱን ቆሜ አስጣልኩ። ከቡኮው ትንሽ ቀንሰን በፈላ ውሃ እያማሰልን እስኪወፍር አበሰልነው። በረድ ሲል መልሰን ቀላቀልነው። ትኩሱን ከገለበጡት እርሾውን ይገድለዋል፤ እናትሽ ሁሌ የምትጮኸው ለዚህ ነው። ሊጡ ኩፍ ሲል ምጣድ ላይ ዋለ፣ ዓይኑ ጥቅጥቅ ብሎ ወጣ።

ሆቴሉም እንደገና ከእኛ ማዘዝ ጀምሯል። የኪስ ብርሽን በቴሌብር ልኬያለሁ፣ ሲደርስሽ ደውይልኝ።