የደም ግፊት ላለበት ሰው የአንገት ደም ቅዳ ቧንቧ በአልትራሳውንድ እንዴት ይታያል?

ደም ግፊት ብዙ ጊዜ አያምም። ውስጥ ውስጡን ግን ሥራውን ይሠራል፤ የደም ቅዳ ቧንቧዎችን ግድግዳ ያወፍራል፣ ያደነድናል። ይህንን ለማየት ከሚመቹ ቦታዎች አንዱ አንገት ነው። ወደ አንጎል ደም የሚወስደው ካሮቲድ ከቆዳ ብዙም ሳይርቅ ያልፋል። አልትራሳውንዱ የሚሠራው በድምፅ ሞገድ ነው፤ መርፌም ጨረርም የለውም።

ዝግጅቱ ቀላል ነው። ለአንገት ምርመራ ሆድ ባዶ መሆን የለበትም። የግፊት መድኃኒትዎን እንደወትሮው ይውሰዱ። ሐብልና ሻርፕ ይውለቁ፣ ያ በቂ ነው።

መጀመሪያ በጀርባዎ ይተኛሉ። አገጭዎን ትንሽ ቀና አድርገው ፊትዎን ከሚመረመረው ጎን ወደ ሌላው ያዞራሉ። ጄል ይቀባል፤ ቀዝቀዝ ይላል። ጥቅሙ በመሣሪያውና በቆዳው መካከል አየር እንዳይገባ ነው፤ አየር ካለ ድምፁ አያልፍም፣ ምስልም የለም።

ቀጥሎ ባለሙያው ፕሮቡን፣ ማለትም ቆዳ ላይ የሚያርፈውን የመሣሪያውን ክፍል፣ አግድም ይዞ ከአንገት ሥር ወደ መንጋጋ ቀስ እያለ ይወጣል። ስክሪኑ ላይ ሁለት ጥቁር ክቦች ጎን ለጎን ይታያሉ። ትንሽ ጫን ሲል አንዱ ጭፍልቅ ይላል፤ እሱ ደም መልስ ነው። ሳይጨፈለቅ ትር ትር የሚለው ካሮቲድ ነው። ላይ ደርሶ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ላይ ባለሙያው ቆም ይላል። ደሙ እዚያ ስለሚሽከረከር ፕላክ፣ ማለትም የስብ ክምችት፣ መቀመጥ የሚወደው እዚያ ነው።

ከዚያ ፕሮቡ ወደ ቁመት ይዞራል። አሁን ከግድግዳው ላይ ሁለት ብሩህ መስመሮች፣ በመሀላቸው ደግሞ ቀጭን ጥቁር መስመር ይታያል። ውፍረቱ የሚለካው ከአንዱ ብሩህ መስመር እስከ ሌላው ነው። ልኬቱ የሚወሰደው ቧንቧው ከሚከፈልበት ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ከፕሮቡ ራቅ ባለው ግድግዳ ላይ፣ ልብ ሊመታ ሲል ባለችው ቅጽበት ነው። ቧንቧው በደም ሲለጠጥ ግድግዳው ይሳሳልና ቅጽበቷ ዋጋ አላት።

እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የአውሮፓ የደም ግፊት መመሪያ ውፍረቱ ከ0.9 ሚሊ ሜትር በላይ ሲሆን ግፊቱ ቧንቧውን እንደጎዳ ምልክት አድርጎ ይወስደዋል። እኔ ግን በዚህች ቁጥር ብቻ እንቅልፍ አይጡ እላለሁ። ግድግዳው በዕድሜም ይወፍራል። ፕሮቡ ትንሽ ዘንበል ቢል ልኬቱ ይቀየራል። ሁለት ቦታ ተለክተው 0.1 ሚሊ ሜትር ቢለያይ ባሰብኝ ማለት አይደለም። በዚያው ዓመት የወጣ የአሜሪካ መመሪያም የልብ ሕመም አደጋን ለመገመት ይህን ልኬት እንደ መደበኛ ምርመራ መጠቀምን አልደገፈም።

ይበልጥ የሚያሳስበው ፕላክ ነው። ውፍረቱ 1.5 ሚሊ ሜትር ያለፈ፣ ወይም በዙሪያው ካለው ግድግዳ በግማሽ የሚበልጥ እብጠት ፕላክ ይባላል።

በመጨረሻ ዶፕለር ይከፈታል፤ ሹ... ሹ... የሚል ድምፅ ይሰማሉ። ይህ የደሙን ፍጥነት ይለካል። ጫፉ ቆንጠጥ የተደረገ የውኃ ጎማ ውኃውን እንደሚያስፈነጥር ሁሉ፣ በጠበበ ቧንቧ ውስጥም ደም ይፈጥናል። ወደ አንጎል በሚሄደው ቅርንጫፍ ውስጥ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ125 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ቧንቧው ቢያንስ 50 በመቶ መጥበቡ ይጠረጠራል፤ ከ230 ካለፈ ደግሞ 70 በመቶና ከዚያ በላይ።

ውጤቱን ሲቀበሉ ሐኪምዎን እንዲህ ይጠይቁ፦ ፕላክ አለ? ጥበት አለ? ካለ ስንት በመቶ? ፕላክ ከተገኘ ከግፊቱ ሌላ ኮሌስትሮልን ስለሚቀንሱት የስታቲን መድኃኒቶች ይነጋገሩ። ሲጋራ ካለ ይቁም። አንገትዎ ንጹህ ነው ከተባሉም የግፊቱን መድኃኒት አያቋርጡ፤ ልብና ኩላሊት በዚህ ምርመራ አልታዩም።

ድንገት ፊት ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ከዛለ ወይም አንደበት ከተሳሰረ ግን የአልትራሳውንድ ቀጠሮ አይጠብቁ። ምልክቱ ቢተውዎትም እንኳ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።