በክላስተር የተሰበሰበ መረጃን በባለብዙ ደረጃ ሞዴል መተንተን

በማኅበራዊ ጥናት የምንሰበስበው መረጃ አብዛኛውን ጊዜ በቡድን በቡድን (በክላስተር) ከተሰባሰቡ ሰዎች የሚገኝ ነው፤ ተማሪዎች በትምህርት ቤት፣ ሕሙማን በሆስፒታል፣ ሠራተኞች በመሥሪያ ቤት። በአንድ ትምህርት ቤት የሚማሩ ልጆች መምህራንና ቤተ መጻሕፍት ስለሚጋሩ ውጤታቸው ይመሳሰላል፤ ስለሆነም ከዚያው ትምህርት ቤት የተጠየቀው ሃያ አምስተኛ ልጅ የሚጨምርልን ዕውቀት የመጀመሪያው ልጅ ከሰጠን ያነሰ ነው። ተራው ሪግሬሽን (አንድን ውጤት ከሌሎች ተለዋዋጮች የሚገምት ስሌት) ይህን ስለማያውቅ መደበኛ ስህተቱን፣ ማለትም ግምቱ ምን ያህል ሊዋዥቅ እንደሚችል የሚያሳየውን መጠን፣ አሳንሶ ያቀርባል፤ ተመራማሪውም በአጋጣሚ የታየን ልዩነት እንደ እውነተኛ ግንኙነት ይወስደዋል።

ባለብዙ ደረጃ ሞዴል ግን ተማሪውንና ትምህርት ቤቱን እንደ ሁለት ደረጃዎች ለይቶ ያያል። ሥራው የሚጀምረው ምንም ገላጭ ተለዋዋጭ (ውጤቱን ያብራራል የሚባል ነገር) ከሌለው ባዶ ሞዴል ነው። አር (R) በተባለው የስታቲስቲክስ ቋንቋ ኤልኤምኢ4 (lme4) የተባለውን ጥቅል የሚጠቀም ሰው ቀመሩን «ውጤት ~ 1 + (1 | ትምህርት_ቤት)» ብሎ ይጽፋል፤ ስታታ (Stata) በተባለው ሶፍትዌር ደግሞ «ሚክስድ» (mixed) የሚለው ትእዛዝ ያንኑ ያከናውናል። ሞዴሉ ጠቅላላውን ቫሪያንስ (የውጤቶችን መበታተን መለኪያ) በትምህርት ቤቶች መካከል ባለውና በየትምህርት ቤቱ ውስጥ ባለው ይከፍለዋል። ከ40 ትምህርት ቤቶች 25፣ 25 ተማሪዎች ወስደን የመጀመሪያው 20፣ ሁለተኛው 80 ቢሆን፣ የክላስተር ውስጥ ተዛምዶው (በአንድ ቡድን ያሉ ሰዎች የመመሳሰላቸው መጠን) 20 ለ100 ሲካፈል፣ ማለትም 0.20 ይሆናል። የናሙና አወሳሰዱ ያስከተለውን ጉዳት ለማወቅ 1 + (25 − 1) × 0.20 ብናሰላ 5.8 እናገኛለን፤ ይህም አማካይ ውጤትን ለመገመት የ1,000 ተማሪዎቻችን ክብደት ተነጣጥለው ከተመረጡ 172 ያህል ተማሪዎች እንደማይበልጥ ያሳያል። ተዛምዶው 0.02 ብቻ ቢሆን እንኳ ስሌቱ 1.48 ስለሚሰጥ፣ «ቁጥሩ ትንሽ ነው» ብሎ ማለፍ አያዋጣም።

ቀጥሎ ገላጭ ተለዋዋጮች ይገባሉ፤ በእኔ ግምት ብዙ ጥናት የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ለምሳሌ የየተማሪውን የጥናት ሰዓት እንዳለ ካስገባነው፣ የምናገኘው ኮኤፊሸንት (ተለዋዋጩ ከውጤቱ ጋር ያለውን ግንኙነት የሚያሳይ ቁጥር) የሁለት ጥያቄዎች ድብልቅ መልስ ይሆናል፦ ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ አብልጦ የሚያጠና ልጅ የተሻለ ያመጣል ወይ? ተማሪዎቹ በአማካይ ብዙ የሚያጠኑበት ትምህርት ቤትስ የተሻለ ውጤት አለው ወይ? የሁለቱ መልስ የግድ አንድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1950 ሮቢንሰን የተባለ ተመራማሪ የ1930ውን የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ተጠቅሞ እንዳሳየው፣ በውጭ አገር መወለድና ማንበብና መጻፍ አለመቻል በግለሰብ ደረጃ 0.12 ያህል ተዛምዶ ሲኖራቸው፣ በ48ቱ ግዛቶች ደረጃ ግን ተዛምዶው ወደ −0.53 ተገልብጧል። መፍትሔው ከየተማሪው ሰዓት ላይ የትምህርት ቤቱን አማካይ መቀነስና አማካዩን ራሱን የቻለ ተለዋዋጭ አድርጎ ማስገባት ነው። ትምህርት ቤቱ በአማካይ 6 ሰዓት የሚያጠና ከሆነ፣ 9 ሰዓት የሚያጠናው ልጅ በአንዱ ዓምድ 3፣ በሌላው 6 ይጻፍለታል።

የጥናት ሰዓት ተጽዕኖ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይለያያል የሚያሰኝ በቂ ምክንያት ካለ፣ ስሎፑም (ሰዓቱ በአንድ ሲጨምር ውጤቱ የሚለወጥበት መጠን) እንዲለያይ ይፈቀድለታል። ሶፍትዌሩ አንዱ ቫሪያንስ ዜሮ መሆኑን ወይም በትምህርት ቤቶቹ መነሻ ውጤትና በስሎፑ መካከል ያለው ተዛምዶ 1 ወይም −1 መድረሱን ካስጠነቀቀ፣ ሞዴሉ መረጃው ከሚሸከመው በላይ ሳይጠየቅ አልቀረም። ቡድኖቹ ጥቂት ሲሆኑ በሬምል (REML፣ ቫሪያንሱን አሳንሶ እንዳይገምት በተስተካከለ የግምት ዘዴ) መገመትና የኬንዋርድና ሮጀር ማስተካከያን (መደበኛ ስህተቱን ለአነስተኛ ናሙና የሚያርም ስሌት) መጠቀም ይበጃል፤ ገላጭ ተለዋዋጮቻቸው የሚለያዩ ሞዴሎች ሲነጻጸሩ ግን ወደ ተራው ማክሲመም ላይክሊሁድ (የተገኘውን መረጃ ይበልጥ ሊያስገኝ የሚችለውን ግምት የሚመርጥ ዘዴ) መመለስ ያስፈልጋል። ቡድኖቹ አምስት ወይም ስድስት ብቻ ከሆኑ ለየቡድኑ አመልካች ተለዋዋጭ (ሰውየው የቡድኑ አባል ከሆነ 1፣ ካልሆነ 0 የሚይዝ) ማስገባቱን እመርጣለሁ።

በመጨረሻ የየትምህርት ቤቱ ግምት ሲነበብ፣ ሞዴሉ መረጃ ያነሰውን ትምህርት ቤት ወደ አጠቃላዩ አማካይ እንደሚስበው መታወቅ አለበት። በባዶው ሞዴል ቫሪያንሶች፣ ከአማካዩ 10 ነጥብ ከፍ ያለ ትምህርት ቤት 4 ተማሪዎች ብቻ ቢጠየቁበት ግምቱ 5 ነጥብ ከፍ ያለ ይሆናል፤ 60 ቢጠየቁበት ግን 9.4 ይሆናል። ትምህርት ቤቶችን በደረጃ የሚያሰልፍ ዘገባ ታዲያ ከየግምቱ ጎን የተማሪዎቹን ቁጥር ሊያሰፍር ይገባል።