ሁለት ስርዓተ ክወና የተጫነበት ኮምፒውተር አልነሳ ሲል

ዊንዶውስንና ሊኑክስን በአንድ ዲስክ ላይ የጫነ ሰው አንድ ቀን ጥቁር ስክሪን ላይ መፍጠጡ አይቀርም። እኔ የፈጠጥኩት የማልጠቀምበትን የሊኑክስ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ከዊንዶውስ ውስጥ ሆኜ የሰረዝኩ ዕለት ነው። ያልነካሁት ዊንዶውስም አብሮ አልነሳ አለ። ከዊንዶውስ ፋይሎች አንድም አልጠፋም ነበር፤ ለካ ሁለቱን የሚያስነሳው ቡት ሎደር፣ ግራብ፣ የራሱን ፋይሎች ያኖረው በሰረዝኩት ፓርቲሽን ውስጥ ኖሯል።

ስለዚህ በድንጋጤ ምንም ነገር ፎርማት አያድርጉ። ዊንዶውስ የሊኑክስን ፓርቲሽን ስለማያውቀው "ፎርማት ይደረግ?" ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፤ እምቢ ይበሉት። ዊንዶውሱ በቢትሎከር (በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) የተቆለፈ ከሆነ ደግሞ ባለ 48 አሃዙን የመክፈቻ ቁጥር አስቀድመው ይያዙ።

1. የት ላይ እንደቆመ ይለዩ። ምርጫ ሳያቀርብ በቀጥታ ዊንዶውስ ከገባ፣ ብዙ ጊዜ የተቀየረው የማስነሻ ቅደም ተከተሉ ብቻ ነው። ሲበራ ኤፍ 2 ወይም ዲሊት ተጭነው (ቁልፉ እንደ አምራቹ ይለያያል) ወደ ባዮስ (የኮምፒውተሩ የመነሻ ቅንብር) ይግቡና ሊኑክሱን ወደ ላይ ያውጡት። "ግራብ ሬስኪው" የሚል ጽሑፍ ከመጣ ግን ግራብ ቀሪ ፋይሎቹን አላገኘም፤ ወደሚቀጥለው ይለፉ።

2. ሳይጫን ከፍላሽ በሚሰራ ሊኑክስ ያስነሱ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ዲስኩ ጂፒቲ (አዲሱ የፓርቲሽን አከፋፈል) ከሆነና በፋት 32 የተሰራ የኢኤፍአይ ፓርቲሽን (የማስነሻ ፋይሎች የሚቀመጡበት) ካለው፣ ፍላሹም በዩኢኤፍአይ (በአዲሱ የማስነሻ መንገድ) መነሳት አለበት። በአሮጌው የባዮስ መንገድ ካስነሱት ግራብ ወደተሳሳተ ቦታ ይሄዳል፤ ጥገናው "ተሳክቷል" ይልዎታል፣ ኮምፒውተሩ ግን አሁንም አይነሳም። በአሮጌው አከፋፈል፣ በኤምቢአር፣ በተሰራ ዲስክ ላይ ነገሩ ሌላ ነው፤ የማስነሻው ኮድ የሚቀመጠው በዲስኩ መጀመሪያ ላይ ነው።

3. ጂፓርትድን (ፓርቲሽኖችን የሚያሳየውን ፕሮግራም) ከፍተው ፓርቲሽኖቹን ይቁጠሩ። የጎደለ ካለ ቴስትዲስክ የተባለው ፕሮግራም ፈልጎ ሊመልሰው ይችላል። እስከዚያ ዲስኩ ላይ ምንም አይጻፉ።

4. ሁሉም በቦታው ካለ ግራብን መልሰው ይጫኑ። ኡቡንቱ ላይ ቡት ሪፔር የተባለው ፕሮግራም ሥራውን በራሱ ይጨርሰዋል። ሊኑክሱን ከነጭራሹ ሰርዘውት ከሆነ ግን ግራብን አይመልሱት፤ የዊንዶውስን መጫኛ ፍላሽ አስነስተው የዊንዶውስን ማስነሻ ያስጠግኑ።

5. ግራብ ተመልሶ ዊንዶውስ ከዝርዝሩ ከጎደለ አይደንግጡ። በ2021 ከወጣው ስሪት 2.06 ጀምሮ ግራብ ሌሎች ስርዓቶችን መፈለጉን በነባሪ ትቷል። በግራብ ቅንብር ፋይል ውስጥ ኦኤስ ፕሮበርን (ሌሎች ስርዓቶችን የሚፈልገውን መሣሪያ) ይፍቀዱና ዝርዝሩን ያሳድሱ።