ከጣና ገዳማት መልስ ሲጠፋ፦ ችግርና መፍትሄ

ስልኩ አይነሳም።
ባሕር ዳር ሆኖ ወደ ገዳም የሚደውል ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው ይሄ ነው። የያዛችሁት ቁጥር ብዙ ጊዜ የአንድ አባት የግል ስልክ ነው፤ እሳቸው ቅዳሴ ላይ ከሆኑ ማን ያነሳል? በጾም ቀን ቅዳሴ የሚገባው ወደ ቀትር ስለሆነ ረቡዕና ዓርብ እኩለ ቀን ላይ አትሞክሩ። ከስልኩ ይልቅ ጠዋት ወደብ ወርዳችሁ ወደ ደሴቱ የሚመላለስ ጀልባ ፈልጉና ለገበዙ፣ ማለትም ለቤተ ክርስቲያኑ ንብረት ጠባቂ፣ ወረቀት ላኩ። ይደርሳል።

ቀጠሮ ተይዞ ሰው አልተገኘም።
ሰዓቱን አጣሩ። የውጭ እንግዳ ጠዋት ለማለት «8 ሰዓት» ብሎ ከጻፈ፣ አባቶች ከምሳ በኋላ ይጠብቁታል። ቀኑንም በኛ አቆጣጠር ጻፉት።

ሴቶቹ ከደሴቱ ዳርቻ ተመለሱ።
ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም፤ ይህ በልመና የሚቀየር አይደለም። ጀልባ ከመከራየታችሁ በፊት ጉዞውን ወደ ዘጌ፣ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም አዙሩት። ራቅ ማለት ከፈለጋችሁ ደቅ ላይ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ አለ።

ዕቃ ቤቱ ተዘግቶ ቆየን።
ንግሥ ላይ ደርሳችሁ ይሆናል። የካቲት 16 ኡራ፣ ታኅሣሥ 19 ክብራን ላይ ቁልፍ ያዡ ሌላ ሥራ አለበት። ማኅሌቱን ለማየት ከሆነ ግን ከዚያ የተሻለ ቀን የለም።

ብራናውን ከለከሉኝ።
እኔም ደርሶብኛል። የዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ ይዤ ሄድኩ። አባ ሁለቴ አነበቡትና «የሀገረ ስብከቱስ ልጄ?» አሉኝ። በመጣሁበት ጀልባ ተመለስኩ፤ ያን ቀን ተናድጄ ነበር፣ አሁን ሳስበው ልክ ናቸው። ብራና ከየገዳሙ እየወጣ የቀረባት አገር ናት፤ ጠባቂው የሚጠየቀው በነፍሱም ጭምር ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረትም የቅርስ ጥናት ፈቃድ ይፈልጋል። ስለዚህ ከተቋማችሁ፣ ከቅርስ ባለሥልጣን፣ ከሀገረ ስብከቱ ብላችሁ በቅደም ተከተል ጨርሱና ሂዱ። ደብዳቤው «ለጥናት» ብቻ ካለ አይበቃም፦ የትኛው መጽሐፍ፣ ስንት ቀን፣ ፎቶ ይነሳል ወይስ አይነሳም፣ ቅጂው ለገዳሙ ይሰጣል ወይ የሚለው በግልጽ ይጻፍ።

ደግሞ እያንዳንዱን ብራና መንካት የግድ አይደለም። ጀርመናዊው ሊቅ ኤርንስት ሐመርሽሚት በ1968 እ.ኤ.አ. የጣናን ብራናዎች በማይክሮፊልም አንስቶ ነበር፤ የክብራንና የዳጋ መጻሕፍት ካታሎግ ታትሟል። መጀመሪያ እሱን ተመልከቱ። ከዚያ «ይህን አንድ ቅጠል ብቻ ላመሳክር» ብሎ የመጣ ተማሪ፣ «ያላችሁን ሁሉ አሳዩኝ» ካለው ቶሎ ይስተናገዳል።

ፈቃዱ አለ፤ ጀልባው አልነሳም።
ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ይነሳል። ጠዋት 1 ሰዓት ወደቡ ላይ ሁኑ።