በአረጋውያን እግር ላይ ቤተሰብ የሚፈጽማቸው ስህተቶች

«እርጅና ነው» ብሎ መተው። በፊዚዮቴራፒ ክፍል ውስጥ ከምሰማው ሁሉ የሚያስመርረኝ ይህ ነው። ዕድሜ የእግርን የደም ሥሮች እንደሚለውጥ አልክድም። ከልብ ደም የሚያመጣው የደም ቅዳ ግድግዳ መለጠጡን እየተወ ይደርቃል። የውስጠኛው ሽፋኑ ቧንቧውን የሚያሰፋውን ናይትሪክ ኦክሳይድ እንደ ወጣትነቱ አያመነጭም። ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ቁልቁል እንዳይወርድ የሚይዙት የደም መልስ ቫልቮችም ይላላሉ። ይሁን እንጂ አባትዎ ጥቂት ተጉዘው ባታቸው ጭምድድ ብሎ የሚቆሙ ከሆነ፣ አርፈው ሲነሡም እዚያው ርቀት ላይ የሚደግማቸው ከሆነ፣ ደም ቅዳቸው ጠቦ ሊሆን ይችላል። ይህ ደግሞ የሚመረመርና የሚታከም በሽታ ነው። ሕመሙ ቆም በማለት ብቻ የሚለቅ ከሆነ ደም ቅዳውን ይጠርጥሩ፤ ካልተቀመጡ ወይም ጎንበስ ካላሉ የማይለቅ ከሆነ ወገባቸውም ይታይ።

ከውጭ አገር የመጣውን ጥብቅ ካልሲ ማጥለቅ። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ በሚመጣ ሻንጣ ውስጥ ከቫይታሚኑ ጋር አንድ ጥንድ ጥብቅ ካልሲ አይጠፋም። ልጆቹ በቅንነት ነው የሚልኩት። ካልሲውም ደም መልሱ ለደከመ፣ ማታ ማታ ቁርጭምጭሚቱ ለሚያብጥ ሰው ጥሩ ነገር ነው። ችግሩ ደም ቅዳው የጠበበበት እግር ላይ ሲጠልቅ ነው። ያ እግር የሚደርሰው ደም ቀድሞውኑ ጥቂት ነው፤ ካልሲው ያችኑ ጥቂት ጨምቆ ይከለክላል። ቆዳው ቅልጥሙ ላይና ጣቶቹ ላይ መቁሰል ይጀምራል፣ ቁስሉም አይድንም። ካልሲውን አውልቄ ከሥሩ የጠቆረ ጣት ያየሁባቸው እናት «ልጄ ልካልኝ እንዴት አላደርገውም?» ነበር ያሉኝ። ምን ይመለሳል?

እባካችሁ፣ ከመላካችሁ በፊት አንድ ምርመራ ይደረግላቸው። በጀርባቸው ተኝተው የቁርጭምጭሚታቸው የደም ግፊት ይለካና ለክንዳቸው ግፊት ይካፈላል። ውጤቱ ከ1.0 እስከ 1.4 ከሆነ ደህና ነው፤ 0.9ና ከዚያ በታች መጥበብን ያመለክታል፤ ከ0.5 በታች ከሆነማ ያ ካልሲ እግራቸው አጠገብ አይድረስ። የስኳር ሕመምተኞች ላይ ደግሞ ቁጥሩ ሊያታልል ይችላል፤ ቧንቧው በካልሲየም ደንድኖ አልጨመቅ ሲል ውጤቱ ከ1.4 በላይ ይወጣል። ይህን አይቶ «እግራቸው ጤነኛ ነው» ያለ ባለሙያ አጋጥሞኛል።

እግርን ሁልጊዜ ከፍ ማድረግ። ለደም መልስ እብጠት ይረዳል፤ ደም ለማይደርሰው እግር ግን ሕመም ይጨምራል። ሌሊት እግራቸውን ከአልጋ ቁልቁል ካላንጠለጠሉ እንቅልፍ የማይወስዳቸው አረጋዊ ትራስ ሳይሆን ሐኪም ነው የሚያስፈልጋቸው፤ ያውም በአስቸኳይ።

«ይቀመጡ፣ አይድከሙ» ማለት። ይህ ከፍቅር የሚመጣ ጥፋት ስለሆነ መቆጣት ይከብደኛል። ለጠበበ ደም ቅዳ ከምናዛቸው ነገሮች ዋነኛው መራመድ ነው። ባታቸውን መካከለኛ ሕመም እስኪሰማቸው ይሄዳሉ፣ ቆመው ወይም ተቀምጠው እስኪለቃቸው ያርፋሉ፣ እንደገና ይሄዳሉ። እንዲህ እያሉ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ፣ በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን፣ ቢያንስ ለ12 ሳምንታት ይቀጥላሉ። እግራቸው ላይ ቁስል ካለ ወይም ልባቸው የሚያስቸግራቸው ከሆነ አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ። በአረማመድ ጊዜ የሚፈጥነው ደም የቧንቧውን ሽፋን እየነካካ ናይትሪክ ኦክሳይድ እንዲያመነጭ ያስገድደዋል፤ ጡንቻውም የሚያገኛትን ኦክስጅን በቁጠባ መጠቀም ይለምዳል። እናቶች «ቅዳሴ ቆሜ ነው የማስቀድሰው» ይሉኛል። መቆም መራመድ አይደለም፤ ደም መልሱን ወደ ላይ የሚገፋው የባት ጡንቻ የሚሠራው ሲኮማተርና ሲላላ ብቻ ነው። መቋሚያቸውን ተደግፈው ተረከዛቸውን ከፍ ዝቅ ያድርጉ፤ ማንም ልብ አይልም።

የቀዘቀዘን እግር በሙቅ ውሃና በፍም ማሞቅ። ስኳር ስሜቱን የወሰደበት እግር መቃጠሉን አያውቅም። ወፍራም የሱፍ ካልሲ ይበቃል።

ያበጠን ባት በወጌሻ ማሳሸት። አንድ እግር ብቻ በድንገት ካበጠና ካመመ የረጋ ደም ሊኖር ይችላል። ሲታሽ ተፈንቅሎ ሳንባ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

የሚወስዱትን መድኃኒት አለመጠርጠር። ለደም ግፊት የሚሰጠው አምሎዲፒን ራሱ ቁርጭምጭሚት ያሳብጣል። ለሐኪሙ ይንገሩት እንጂ በራስዎ አያቋርጡት።

ስለ ሲጋራ የምጨምረው የለኝም፤ ያቁሙ።

እስኪነጋ መጠበቅ። እግር በድንገት ከቀዘቀዘ፣ ከገረጣ፣ በኃይል ካመመና ጣቶቹን ማንቀሳቀስ ካቃተ ደም ቅዳው ተዘግቶ ይሆናል። ጡንቻው ያለ ደም የሚቆየው ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው። ሌሊትም ቢሆን መኪና ፈልገው ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ይውሰዷቸው፤ በመንገድ ላይ እግሩን አያሙቁት፣ አይሹት፣ ከፍም አያድርጉት።