ሽሮ ለሰለቸው ጿሚ፦ ባቄላውን አብቅሉት

ደብረ ብርሃንና መንዝ ያላችሁ፣ ባቄላ በእጃችሁ ነው። ማታ ዘፍዝፉት፣ ጠዋት ውሃውን ድፉና በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጫፉ ብቅ እስኪል አቆዩት (በእኛ ብርድ መዘግየቱ አይቀርም፣ ምድጃው አጠገብ ይሻለዋል)፤ ከዚያ በደንብ ሲቀቀል ሆድ መንፋቱ ይቀንሳል፣ በውስጡ ያለውን አይረንም ሰውነት በቀላሉ ያገኘዋል። ላዩ ላይ ሎሚ ጨመቅ፣ ቃሪያ ከተፍ አድርጉበት፣ ይሄም ለአይረኑ ያግዛል። ቡናና ሻይ ግን ከምግቡ ጋር አይሁን፣ ቆየት ብላችሁ ጠጡ። ባቄላ የማይስማማው ሰው አይታገል፣ ምስር ወይም ሽምብራ ያድርገው። ጾም ሲፈታም ወተት፣ እንቁላልና ሥጋ ጨርሶ የማይቀምስ ካለ፣ ቫይታሚን ቢ12 ከእህልና ከአትክልት ስለማይገኝ ሐኪም ያማክር።