የእንግሊዝ ሪጅናል የራግቢ ዩኒየን ሊግ፦ በእግር ኳስ ዓይን ስናየው የምንሳሳታቸው ነገሮች

እንግሊዝ አገር የምትኖሩ ከሆነ ቅዳሜ ከሰዓት በሰፈራችሁ አቅራቢያ የራግቢ ጨዋታ አይጠፋም። ችግሩ አብዛኞቻችን ያደግነው በእግር ኳስ ነው።

ዋናው ስህተት የደረጃ ሰንጠረዡን ስናነብ ይመጣል። የተሸነፈ ሁሉ ባዶ እጁን የሚገባ ይመስለናል። እዚህ በሰንጠረዡ ማሸነፍ 4 ነጥብ፣ አቻ 2 ነው። አራትና ከዚያ በላይ ትራይ (ኳሱን ከተጋጣሚ ጎል መስመር ወዲያ መሬት ማስነካት) ያገባ 1 ይጨመርለታል። በ7 ወይም ከዚያ ባነሰ ልዩነት የተሸነፈም 1 ያገኛል። 24 ለ 20 ያለቀ ጨዋታ እንውሰድ። አሸናፊው ሦስት ትራይ (15)፣ ከትራዮቹ በኋላ የተሳኩ ሦስት ምቶች (6) እና አንድ ቅጣት ምት (3) አለው። ተሸናፊው አራት ትራይ አግብቶ ምቶቹን በሙሉ ስቷል። አሸናፊው 4 ይዞ ሲሄድ ተሸናፊው 2 ይዞ ይሄዳል! በ10 ነጥብ እየተመራ መጨረሻዋ ደቂቃ ላይ ቅጣት ምት ወደ ጎል የሚመታ ቡድን ካያችሁም አላበደም። ልዩነቱን 7 አድርጎ አንዷን ነጥብ ሊለቅም ነው።

ሊጎቹን በድሮ ስማቸው መፈለግም ያደናግራል። «ለንደንና ደቡብ ምሥራቅ ፕሪሚየር» የሚባለው ሊግ በ2022 ቀርቷል። በአዲሱ አደረጃጀት አምስተኛው እርከን ሪጅናል 1፣ ስድስተኛው ሪጅናል 2 ሆነ። የሪጅናል 1 ሻምፒዮን ደግሞ ቀጥሎ የሚገባው ናሽናል 2 ነው። አንደኛው እርከን፣ ፕሪሚየርሺፕ፣ ገና ሩቅ ነው።

«ይሄ ምን ጥፋት አለው?» የሚያስብለው ታክሉ፣ ማለትም ኳስ የያዘውን ተጫዋች ይዞ መጣሉ፣ ነው። በቴሌቪዥን የምናያቸው ፕሮፌሽናሎች እስከ ትከሻ ድረስ መያዝ ይችላሉ። በእነዚህ ሊጎች ግን ከ2023-24 የውድድር ዘመን ጀምሮ ከደረት አጥንት ታችኛው ጫፍ በላይ መያዝ ያስቀጣል። እኔ ለውጡን እደግፈዋለሁ፤ እነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ሰኞ ሥራ ገቢ ናቸው።

ጭንቅላቱን የተመታ ተጫዋችም ተመርምሮ ይመለሳል ብላችሁ አትጠብቁ። ያ የፕሮፌሽናሎቹ አሠራር ነው። እዚህ ከተጠረጠረ ወጣ፣ በቃ።

ዳኛው ክንዱን ዘርግቶ ጨዋታው ከቀጠለ ደግሞ ጥፋቱን አላየም ብላችሁ አትጩኹ። አድቫንቴጅ ሰጥቶ ነው። ተጫዋቾቹም ቢሆኑ ከበውት አይጨቃጨቁም። ጥያቄ ካለ አምበሉ ይጠይቃል፤ ሌላው አፉን ከከፈተ ቅጣት ምቱ 10 ሜትር ወደፊት ይሄድበታል።